ከሩዙ እንቁላሉን ይለቅም የነበረው ሰው

ይህ ነገር የደረሰብን በደርግ ጊዜ፣ ሥርዓቱ ከመውደቁ አራት ወይም አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ ወር፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ እዚሁ ሮም ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። በስንት ቤት እንደሠራሁ እንኳ አሁን ብጠየቅ እሳሳታለሁ። የዚያን ቀን ግን ማን የት እንደተቀመጠ፣ ሳህኑ ላይ ምን እንደቀረ ሳይቀር አስታውሳለሁ። በአንዲት «እንብላ» የተነሣ ወንድሜን ላጣው ነበርና።

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ድንጉጥ ነኝ። ስልክ ሲጮህ ሰው የሞተ የሚመስለኝ ዓይነት ሴት ነኝ። እማዬ «አንቺ እኮ መከራን ሳይመጣ መንገድ ወጥተሽ ትቀበይዋለሽ» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ፍርሃቴ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እማዬ ሮም የመጣችው በንጉሡ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የምትሠራላቸው ጣሊያኖች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘዋት መጡ። እኔንና ወንድሜን ግርማን አክስታችን ዘንድ ትታን ነው የሄደችው። ግርማ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጥቂት ቆይታ እኔን አስመጣችኝ። እሱን ለማስመጣት ስትሯሯጥ አብዮቱ መጣና መውጫው ተዘጋ። በዚህ ሁኔታ እናትና ልጅ ሳይተያዩ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ።

ታዲያ ግርማ ተምሮ የእርሻ ባለሙያ ሆነና መንግሥት ለሦስት ወር ሥልጠና ከባልደረቦቹ ጋር ሮም ላከው። እልል ያልነው በሆዳችን ነው። ማንም ማወቅ አልነበረበትም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ሄዶ ይቀራል ተብሎ ስለሚታሰብ አይላክም ነበር። የሚሞላው ፎርም ላይ ይህ ሁሉ ይጠየቃል። ግርማ «እህት የለኝም» ብሎ ጻፈ። እናት በሚለው ቦታ ደግሞ «በሕይወት የለችም» ብሎ ጻፈ።

ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። እማዬ እንዳትሰማ አስምሎኛል። እኔም ሦስት ወር ሙሉ ይህን በሆዴ ይዤ እናቴን ባየኋት ቁጥር ጥፋቱን የሠራሁት እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የመመለሻው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ግርማ ግን አይመለስም። ከእሱ በፊት ጀርመን የገባ ጓደኛው መንገዱን አሳይቶታል። ዓርብ ጠዋት ከተርሚኒ ጣቢያ በሚነሣው ባቡር ሊሄድ ቲኬቱን ቆርጧል። የቸገረው ፓስፖርቱ ነበር። የቡድናቸው ኃላፊ ጓድ መኮንን የሚባል ሰው የሁሉንም ፓስፖርት ሰብስቦ እሱ ዘንድ ነበር የሚያስቀምጠው። ግርማ ሐሙስ ጠዋት «ከፖስታ ቤት ጥቅል ላወጣ ነው» ብሎ ተቀበለው። ማታውኑ እንዲመልስ ተነግሮት ነበር። እሱ ግን በአንድ ባልደረባው በኩል «ሆዴን አሞኝ ተኝቻለሁ» ብሎ ላከና በጓሮ በር ወጣ።

ስለ ጓድ መኮንን ብዙ ሰምቼ ነበር፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ባሉበት ፔንሲዮኔ በሚሉት ማረፊያ ቤት በየሳምንቱ እየሰበሰበ ያወያያቸዋል፤ ማን የት እንደዋለ ይጽፋል። አንዲቷን ልጅ በአንገቷ ማተብ አስራ ስላያት በሰው ፊት እስክታለቅስ ድረስ ወርፏታል። ግርማ ስሙን ሲያነሣ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር።

ሐሙስ፣ እኛ በጣሊያንኛው ጆቬዲ የምንለው፣ የቤት ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ የሚያርፍበት ቀን ነው። እማዬ «ነገ ልጄ ሊሄድ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ጠረጴዛ ፊት አስቀምጬ ሳላበላው አይሄድም» አለች። እውነቷን ነው። እሷም እኔም የምንኖረው በየሲኞራዎቻችን፣ በየአሠሪዎቻችን ቤት ነበር። ሦስቱን ወር ከግርማ ጋር የተገናኘነው በድብቅ፣ መንገድ ለመንገድ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ጠረጴዛ ስትወለውል ኖራ የራሷ የምትለው ጠረጴዛ አልነበራትም።

የት እንሂድ? ተርሚኒ አካባቢ ያሉት የሐበሻ ቤቶች አይታሰቡም። እዚያ ከሚበላው የሚያዳምጠው ይበዛል ይባል ነበር። ውሸትም ይሁን እውነት፣ ለእኔ ጆሮ ጠቢ ያልመሰለኝ ሰው አልነበረም። ያኔ የማንተዋወቅ ሐበሾች መንገድ ላይ ስንገናኝ የሱቅ መስኮት የምናይ መስለን እንተላለፍ ነበር። እማዬን ይህን ማስለመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል። እሷ የአገሯን ሰው አይታ ዝም ማለት አልሆንላት ይላል።

በዚያ ላይ ነሐሴ ነው። ጣሊያን ፌራጎስቶ በሚለው ዕረፍቱ ሱቁንም ቤቱንም ዘግቶ ባሕር ወርዷል። ክፍት ያገኘነው ከፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ የቻይና ዓሣ ቤት ነው። በሩ አጠገብ ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ አለ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ወይም ሰባት ጠረጴዛ፣ ላዩ ፕላስቲክ የለበሰ። ባለቤቷ ሴትዮ ጣሊያንኛዋ ከእኛም የባሰ ስለነበር በደንብ ተግባባን። እኔም ሐበሻ የማይረግጠው ቤት ነው ብዬ ልቤን ጣልኩ። እማዬ በጾም ዓሣ ትበላለች፤ ከዚያ ሌላ ጫፉን አትነካም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም ብሎ የሚከራከራት ካገኘች ደግሞ መልስ አታጣም።

ገና ፀሐይዋ አልጠለቀችም። ግርማ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ ነው የመጣው፤ ፓስፖርቱና ቲኬቱ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። ሲያልበው አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው። እኔ ከጎኑ ነኝ። እማዬ ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ቤቱን በሙሉ ታያለች።

እማዬ ማዘዝ ታውቅበታለች፤ ስንት ዓመት ሰው ቤት አብስላለች። አንድ ትልቅ ዓሣ ከነጭንቅላቱ በዝንጅብል፣ ቅቤ ዘወር እንዳይልበት። ነጭ ሩዝ፣ እንቁላል የሌለበት። ጋምበሪ የሚሉትን ቅርፊትም ክንፍም የሌለውን የባሕር ነገር በዓይኗም እንዳታሳያት ሴትዮዋን ሁለቴ አስጠነቀቀቻት። ከቦርሳዋም በብልቃጥ የያዘችውን ሚጥሚጣ አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠች።

ዓሣው መጣ። እማዬ ባርካ ልትቆርስ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ከእኛ ኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ ስንገባ ልብ ያላልነውን አንድ ብቻውን የተቀመጠ ሰው እያየች ነበር።

«ያን ልጅ እዩት» አለች ቀስ ብላ። «እንቁላሉን ከሩዙ እየለቀመ ነው።»

ገልመጥ ብዬ አየሁ። ካኪ ሳፋሪ የለበሰ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሐበሻ ነው። ፊት ለፊቱ እንቁላል፣ ጋምበሪና የአሳማ ሥጋ ተከትፎ የገባበት የተጠበሰ ሩዝ አለ። በሹካው እያንዳንዷን የእንቁላል ፍርፋሪ እያወጣ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራል። ጋምበሪዋንም፣ ሥጋዋንም። ጭንቅላቱን ደፍቶ ነው፣ በጥንቃቄ፣ ምስር የምትለቅም ሴት መስሎ።

«ጾመኛ ነው» አለች እማዬ። ፊቷ በራ።

«እማዬ፣ ተይ» አልኳት። ልነግራት የምችለው ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ ሰውየውን አላውቀውም። ሌላውን ሁሉ አስተምሬያታለሁ። ምግብ ፊቷ ቀርቦ የአገሯን ሰው እያየች «እንብላ» ሳትል መጉረስን ግን ላስተምራት አልቻልኩም። ለእሷ ያ ከስርቆት አይለይም።

«ልጄ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በጥሩ አማርኛ። «እንብላ!»

ሰውየው ቀና አለ። ግርማም ድምፁን ሰምቶ ዞረ። ከዚያ የወንድሜ ፊት አመድ ሲለብስ አየሁ።

«ጓድ መኮንን ነው» አለኝ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ።

ክው አልኩ። ሆዱን አሞት ተኝቷል የተባለው ልጅ እዚህ ተቀምጧል። ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ፣ የጀርመን ቲኬት ከፓስፖርቱ ጋር፣ ሞታለች የተባለችው እናቱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ሆና ሰውየውን ትጠራዋለች።

ሰውየውም ደንግጧል። ሹካውን አስቀምጦ እንደ ወጉ «ብሉ፣ አመሰግናለሁ» አለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። እማዬ ግን አንዴ እምቢ ሲሏት የምትተው ሴት አይደለችም።

«አፈር ስሆን! ብቻህንማ አትበላም። ያ ደግሞ ለጾም አይሆንም። ና፣ በሞቴ!»

በሞቴ ስትል ግርማ ዓይኑን ጨፈነ።

ሰውየው ተነሣ። ወንበሩን እየጎተተ መጣና በግርማና በእማዬ መካከል ተቀመጠ። ግርማ ቦታ ሊያሰፋለት ብድግ ሲል ኮቱ ከወንበሩ መደገፊያ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ከኪሱ ፓስፖርቱ ብቅ አለ፤ ውስጡ የተሸጎጠው የባቡር ቲኬትም እስከ ግማሹ ወጣ። እኔ እጄን ስዘረጋ ጓድ መኮንን ቀድሞኝ ጎንበስ አለ።

አነሣው። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየው አላውቅም፤ ለእኔ አንድ ሰዓት ነው። ቲኬቱን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገና ሁለቱንም የኮቱ ኪስ ውስጥ መልሶ፣ ኮቱን አራግፎ ለግርማ ሰጠው።

«ልብስህን አቧራ ነካው» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

አይቷል ወይስ አላየም? ቲኬት መሆኑን ካየ፣ የት እንደሚሄድ አነበበ ወይ? ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ሰው ያስፈራኛል፤ የሚጮህ ሰው ይሻለኛል።

ከዚያ ወደ ግርማ ዞሮ «ሆድህን አሞህ አልነበረም እንዴ?» አለ።

ግርማ ተሽሎኛል አለ። አየር ልቀበል ስወጣ እነዚህን የአገር ሰዎች መንገድ ላይ አግኝቼ ጋበዙኝ አለ። እኔም ሳልጠየቅ «አዎ፣ አሁን ነው የተዋወቅነው፣ ተርሚኒ በር ላይ» ብዬ ቀባጠርኩ።

«እኚህ እናት ናቸው የጋበዙኝ» አለ ግርማ፣ እማዬን እያሳየ።

እማዬ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት። ምን እንደገባት አላውቅም፤ የሆነ ነገር ግን ገባት። ዓይኗን ወደ ዓሣው መለሰች። የግርማን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ እማዬ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሰውየውን ታመሰግነው ጀመር። በዚህ በሥጋና በቺዝ አገር ፍልሰታን የያዘ ጎልማሳ ማየት እንዴት ደስ እንዳላት፣ እንቁላሉን ሲለቅም ባታየው እንደማትጠራው፣ ወላጆቹ ደህና አድርገው እንዳሳደጉት ነገረችው።

ጓድ መኮንን ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ግርማን በጎን አየው። «አይ እማማ፣ ሆዴን ስለሚያመኝ ነው እንቁላል የማልበላው» አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። እሱም እንደ እኛ ሐበሻ የማይደርስበት ቤት ፈልጎ ነው እዚህ የመጣው። ሴት ልጅ በማተቧ ያስለቀሰ ሰው ተደብቆ ይጾማል! ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አሎራ፣ እንግዲህ ሆዳቸውን የሚያማቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ዓሣ ይበላሉ። ግን ደግሞ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። ምስጢሩ የታየበት ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅማ።

እማዬ ሚጥሚጣውን ነሰነሰች። ሩዙን ከዓሣው ጋር በእጇ ጠቅልላ ለሰውየው አጎረሰችው። አፉን ከመክፈቱ በፊት ወደ በሩ አየ። ሁለተኛውን ደገመችለት። ቻይናዊቷ ሴትዮ ከመደርደሪያዋ ኋላ ቆማ ዓይኗን ሳትነቅል ታየን ነበር።

እየበላ ጥያቄ ያዘ። ሮም ብዙ ቆይተዋል ወይ? ምን ይሠራሉ? እማዬ ሁሉንም በእውነት መለሰች። ከዚያ እንዲህ አላት፣

«ልጆችስ አሉዎት እማማ?»

ግርማ ማኘክ አቆመ። እኔ በአእምሮዬ አንድ ውሸት አዘጋጅቼ አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። በጾም እንደማትዋሽ አውቃለሁና ጉዳችን ፈላ አልኩ።

«ይቺ ሴቷ አለች» አለች። «አንድ ወንድ ልጅም ወልጄ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ ጥዬው መጣሁ። ስሄድ በር ላይ ቆሞ አላለቀሰም፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።»

ሰውየው ሌላ አልጠየቀም። መብላቱን ቀጠለ። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። ግን ለካ እማዬ እያወራች እጇ ሥራ አልፈታም። ሲኞራዋ ቤት ለልጆቹ እንደምታደርገው የዓሣውን እሾህ በጣቷ እየዳበሰች አንድ በአንድ ታወጣና የጠራውን ሥጋ ታስቀምጣለች። የምታስቀምጠው በእንግዳው ሳህን ላይ አይደለም፣ በእኔም አይደለም። ግርማ ሳህን ላይ ነው። ሳታስበው ነው። ሳህኑ ነጭ በነጭ ሆኖ ተቆልሎ ነበር።

ቀና ስል ጓድ መኮንን ያን ቁልል እያየ ነው። ከዚያ የእማዬን ጣቶች፣ ከዚያ የግርማን ግንባር፣ ከዚያ የእማዬን ግንባር አየ። ግንባራቸው አንድ ነው፤ ማንም ያየዋል። አለቀልን አልኩ በልቤ። ዛሬ ማታ ይዞት ይሄዳል፣ በር ላይ ሰው ያቆምበታል፣ ቅዳሜ አውሮፕላን ላይ ያወጣዋል። አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ ያ ፎርም ይወጣል። የት እንደሚያደርሱት ማሰብ ፈራሁ።

ሰውየው እጁን በወረቀቱ ጠረገና ተነሣ። ቆሞ ለእማዬ እጅ ነሣ፤ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው፣ ጎንበስ ብሎ። እሷም ቆማ እጁን ያዘችና የክርስትና ስሙን ጠየቀችው። «በጸሎት ላስብህ» አለችው።

ዙሪያውን ተመለከተ። ከእኛና ከቻይናዊቷ በስተቀር ማንም አልነበረም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ወልደ ሰንበት» አላት።

ከዚያ ወደ ግርማ ዞረ። የስብሰባ ድምፅ የሚመስል ድርቅ ያለ ድምፅ አወጣ።

«ፓስፖርትህን ነገ ከሰዓት በኋላ ነው የምቀበልህ። ጠዋት አልኖርም።»

ግርማ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ሰውየው ሁለት እርምጃ ሄደና ሳይዞር ቆመ።

«እናትህን በደንብ ተሰናበታቸው» ብሎ ወጣ።

እማዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለምን እንደ ባዕድ «እኚህ እናት» እንዳላት ግርማን ጠየቀችው። እኔ ልከላከልለት ብሞክር በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ግርማ ፊቱን ሸፍኖ ስለ ፎርሙ ነገራት።

አልጮኸችም። በእጁ ነው የጻፈው ወይስ ሌላ ሰው ሞላለት ብላ ብቻ ጠየቀች። በእጄ ነው አላት። እጇን የጠረገችበትን ወረቀት አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ ሳህኑ ሥር አደረገችው። ከዚያ የቀረውን ዓሣ ወደ እሱ ገፋ አድርጋ «ጨርሰው፣ መንገደኛ ነህ» አለችው። እያለቀሰ በላው።

መንገድ ላይ እኔና ግርማ ተጨቃጨቅን። እኔ ወጥመድ ነው አልኩ። ጠዋት ተርሚኒ ላይ ሰው አስቁሞ ከነቲኬቱ ሊይዘው ነው፣ ይቅርብህ፣ ፓስፖርቱን ዛሬውኑ መልስለት ብዬ ለመንኩት። ግርማም ተጠራጥሯል፤ አንዴ እሄዳለሁ፣ አንዴ ይቅርብኝ ይላል። እማዬ ፊት ፊት ትሄድ ነበር። በመጨረሻ ዞር ብላ «ከእጄ ጎርሷል። አይነካህም» አለች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ተርሚኒ ስንደርስ እኔ በሕይወት አልነበርኩም ብል ይቀለኛል። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚጠብቀን ይመስለኛል። ከባቡሩ ፊት ካኪ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ሳይ የግርማን ክንድ ይዤ አስቆምኩት። ዞረ፤ ጣሊያናዊ ነው፣ የባቡር ሠራተኛ። ግርማን ማንም አልጠየቀውም።

እማዬ ትናንት መንገድ ላይ «አይነካህም» ካለችው ወዲህ ለልጇ ሦስት ቃል እንኳ አልተናገረችም ነበር። ተቀይማ እንደምትለየው ሳስብ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ባቡሩ ሊነሣ ሲል አንገቱን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችውና ሦስቴ ሳመችው።

«እዚያም ፎርም ያስሞሉሃል» አለችው። «እናት ሲሉህ፣ በሕይወት አለች ብለህ ጻፍ።»

ግርማ ባቡሩ ላይ ወጣ። መስኮቱ ላይ ሆኖ እስኪርቅ ድረስ በእጁ አየሩ ላይ ይጽፍ ነበር። እማዬ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ እኔም ተከተልኳት።

ደብዳቤው የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ደህና ገብቷል። የስደተኛ ወረቀት ተቀብሏል፤ ፎርሙንም በእናቱ ቃል ሞልቷል። ቫ ቤኔ፣ የእኛ ነገር በደህና አለፈ።

የጓድ መኮንን ነገር ግን ነው ያልለቀቀኝ። ቅዳሜ አንድ ሰው ጎድሎበት አገር ቤት ገባ። ከዚያ ምን እንደገጠመው በእርግጠኝነት የነገረን የለም። አንዱ ሹመቱን ተገፎ ጠረፍ ላይ ተጣለ አለን፤ ሌላው ታስሯል አለ፤ ሌላው ደግሞ ምንም አልሆነም፣ ውሸት ነው አለ። ወንድሜ በመትረፉ ደስ ባለኝ ቁጥር ወዲያው እሱ ትዝ ይለኛል። አንድ ሰው ለእኛ ሲል ምን ከፈለ? ምንስ ነበር ያስፈራኝ ያን ያህል፤ ሲያጎርሱት ወደ በሩ ሲያይ እንደ እኔ የፈራ ሰው መሆኑን ለምን አላየሁም? በማተቧ ያስለቀሳትን ልጅም አልረሳሁም። ሁለቱም እሱ ነው፤ እኔ ልለየው አልቻልኩም።

እማዬ ብዙ ዓመት ኖረች። በየፍልሰታው ወልደ ሰንበት የሚለውን ስም ሳትጠራ ቀርታ አታውቅም። ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ግርማ ለቀብሯ መጥቶ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሄደን የሚሞላ ወረቀት ሲሰጡን እስክሪብቶውን ያዘ፣ ቆየ፣ ለእኔ አቀበለኝ። እኔ ነኝ የሞላሁት።

አሁን ስሙን መጥራት ለእኔ ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስም ስሰጥ ወረቀቱን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ በአንድ በኩል በሕይወት ያሉትን፣ በሌላው ያረፉትን እጽፋለሁ። እማዬን ካረፉት ጋር መጻፍ ለምጃለሁ። ወልደ ሰንበት ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ እጄ ይቆማል። ቢኖር ሽማግሌ ነው፤ ላይኖርም ይችላል። እኔ ግን ያላየሁትን ሞት በእጄ አልጽፍም። በሕይወት ካሉት ጋር እጽፈዋለሁ።